ኢምቤድድ ቦርድ ላይ ጃምፐርና ኮኔክተር ሳያቃጥሉ ማስተካከል፦ ደረጃ በደረጃ

«ቦርዱ እጄ ገብቷል፤ ጃምፐሮቹን እንዴት ላድርጋቸው?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣልኛል። (ጃምፐር ማለት ቦርዱ ላይ ያሉ ፒኖችን በትንሽ ቆብ በማገናኘት አንድ ምርጫ የሚደረግበት ነው።) አንዱ ስክሪኑ አልበራ ብሎታል። ሌላው ሲሪያል ፖርቱ (መረጃ ቢት በቢት በተራ የሚተላለፍበት መሰኪያ) ዝም ብሎበታል። ሌላው ደግሞ ፓወር ሲሰጠው ብልጭ ብሎ በዚያው የቀረ ቦርድ ይዟል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከመመለስ ቅደም ተከተሉን እዚህ ማስቀመጥ ይሻላል።

ኢምቤድድ ቦርድ ስል የማወራው ማሽን፣ ኪዮስክ ወይም መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ስለሚገቡ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተሮች ነው፤ ለምሳሌ 3.5 ኢንች የሚባሉት (146 በ102 ሚሊሜትር) ወይም ፒሲ/104 (90 በ96 ሚሊሜትር)። የጃምፐሩ ስምና የፒኑ ቁጥር ከአምራች አምራች ይለያያል። ስለዚህ ቁጥሩን ሁልጊዜ ከራሳችሁ ቦርድ ማኑዋል ውሰዱ። ከዚህ የምትወስዱት ቅደም ተከተሉንና ምክንያቱን ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ያዙ። ጃምፐር ሁለት ዓይነት ነው፦ ሥራ የሚመርጥ እና ቮልቴጅ የሚመርጥ። ሥራ መራጩን ብትሳሳቱ ዕቃው አይሠራም፤ አጥፍታችሁ ታስተካክላላችሁ። ቮልቴጅ መራጩን ብትሳሳቱ ግን ዕቃው ይቃጠላል። ማኑዋሉን ገና ስትከፍቱ ቮልቴጅ መራጮቹን በቀይ እስክሪብቶ ክበቧቸው። ጥንቃቄያችሁ በዋናነት እነሱ ላይ ይሁን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቦርዱ ማኑዋል፣ ከቦርዱ ስሪት ጋር የሚገጥም
- የምታገናኙት ዕቃ (የስክሪን ፓነል፣ ስካነር፣ ሴንሰር) የቴክኒክ መግለጫ
- መልቲሜትር፣ ሽቦ መገናኘቱን በ«ቢፕ» ድምፅ የሚናገር
- ወረንጦ ወይም ቀጭን አፍ ያለው ፒንሳ
- ስታቲክ የሚያስወግድ የእጅ አንጓ ማሰሪያ
- ትርፍ የጃምፐር ቆቦች፣ የ2.54 እና የ2.00 ሚሊሜትር (በፒኖቹ መካከል ያለው ርቀት ነው)
- ደህና ብርሃንና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- የወረቀት ቴፕና ማርከር
- ከተገኘ፣ የአምፔር ገደብ የሚደረግለት ፓወር ሰፕላይ። ግዴታ አይደለም፤ ግን ብዙ ቦርድ ያድናል

ማስጠንቀቂያ

ፓወር እያለ ጃምፐር አትንኩ። ኮምፒውተሩን «ሸት ዳውን» ማድረግ ብቻ አይበቃም። ፓወር ሰፕላዩ እስከተሰካ ድረስ ብዙ ቦርዶች ላይ የመጠባበቂያ 5 ቮልት በውስጡ ይዞራል። ቆቡ ከእጃችሁ አምልጦ ሁለት ፒን ቢያገናኝ ያ 5 ቮልት ለጥፋት ይበቃል።

ስታቲክን አትናቁ። ሰው በጣቱ ላይ የስታቲክ ንዝረት የሚሰማው ወደ 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ቺፕ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ቮልቴጅ ይጎዳል። ማለትም ምንም ሳይሰማችሁ ቦርዱን ልትገድሉት ትችላላችሁ። የእጅ ማሰሪያው ውስጥ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አለ፤ እሱ የሚጠብቀው ቦርዱን ሳይሆን እናንተን ነው። ስለዚህ በባዶ ሽቦ አትተኩት።

ቦርዱን መጥቶበት በነበረው ብርማ ከረጢት ላይ አስቀምጣችሁ ፓወር አትስጡ። የከረጢቱ ውጫዊ ገጽ በመጠኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ደረቅ ካርቶን ወይም እንጨት ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ስሪቱን አረጋግጡ፣ ፎቶ አንሱ

ቦርዱ ላይ ከሞዴሉ ስም ቀጥሎ የስሪት ቁጥር ታትሟል። ከማኑዋሉ ሽፋን ጋር አመሳክሩት። አምራቾች ስሪት ሲቀይሩ ጃምፐር ያዛውራሉ፤ አንዳንዴ ቁጥሩን ሳይቀይሩ ትርጉሙን ብቻ ይቀይራሉ። ከዚያ ምንም ሳትነኩ ቦርዱን ከላይም ከታችም በቅርብ ፎቶ አንሱት። የፋብሪካው አቀማመጥ መመለሻችሁ እሱ ነው። ቆይቶ ነገሩ ሲወሳሰብ ለዚህ ፎቶ ታመሰግናላችሁ።

ደረጃ 2፦ ፓወሩን ሙሉ በሙሉ ንቀሉ

ገመዱን ከግድግዳው ብቻ ሳይሆን ከቦርዱም ንቀሉት። ከዚያ የፓወር ቁልፍ ካለ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት። ይህ ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረውን ኃይል ያወጣዋል። ቦርዱ ላይ ያለ መብራት ሁሉ እስኪጠፋ ጠብቁ።

ደረጃ 3፦ ፒን 1 የት እንደሆነ እወቁ

ማኑዋሉ «1 እና 2 ይገናኙ» ሲል ከየትኛው ጫፍ መቁጠር እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ ግማሽ ዕድል ላይ ናችሁ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ነጭ ሦስት ማዕዘን፣ ከፒኑ አጠገብ የተጻፈ 1 ቁጥር፣ ወይም አንዱ ጫፍ ላይ ወፈር ያለ ነጭ መስመር። እነዚህ ከሌሉ ቦርዱን ገልብጡት። ከታች በኩል የፒን 1 ብየዳ ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው፤ ሌሎቹ ክብ ናቸው።

ሁለት ረድፍ ያለው ሄደር (ኬብል የሚሰካበት የፒኖች ስብስብ) ላይ አቆጣጠሩ አብዛኛውን ጊዜ ዚግዛግ ነው። አንዱ ረድፍ 1፣ 3፣ 5 ይላል፤ ሌላው 2፣ 4፣ 6። ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ በማኑዋሉ ሥዕል አረጋግጡ። ሥዕሉን ስታነቡ ቦርዱን በሥዕሉ አቅጣጫ አዙሩት። በጭንቅላት ማዞር ስህተት ይጋብዛል።

ደረጃ 4፦ ቮልቴጅ መራጮቹን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሟችሁ ሦስት ናቸው።

የስክሪን ፓነል ቮልቴጅ። ኤልቪዲኤስ ኮኔክተር (ለስክሪን ፓነሉ ሥዕሉን የሚልከው) ያለው ቦርድ ለፓነሉ 3.3 ወይም 5 ቮልት፣ አንዳንዴም 12 ቮልት የሚመርጥ ጃምፐር አለው። መልሱ የሚገኘው ቦርዱ ማኑዋል ውስጥ ሳይሆን የፓነሉ መግለጫ ውስጥ ነው። 5 ቮልት የሚፈልግ ፓነል 3.3 ቢያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል አይሰጥም፤ ያ ብቻ ነው። 3.3 የሚፈልግ ፓነል 5 ቢያገኝ ግን መመለሻ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ መግለጫው እስኪገኝ ፓነሉን አትሰኩ። በግምት መሰካት ካለም ከዝቅተኛው እንጂ ከከፍተኛው አይጀመርም።

የባክላይት (ስክሪኑን ከኋላ የሚያበራው መብራት) ቮልቴጅ። ይህ ከፓነሉ ቮልቴጅ የተለየ ነው፤ የራሱ ኮኔክተርና ብዙ ጊዜ የራሱ ጃምፐር አለው። አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው 5 ወይም 12 ቮልት ነው። ሰዎች ፓነሉን አስተካክለው ይህን ይረሱታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ ግን በእጅ ባትሪ በጎን ብታበሩበት ደብዛዛ ሥዕል ይታያል። ያ ከሆነ ፓነሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ባክላይቱ ጋ ነው።

የሲሪያል ፖርት ፒን 9። ዲቢ9 (ባለ 9 ፒን የሲሪያል መሰኪያ) ላይ ፒን 9 በመደበኛው የስልክ ጥሪ ምልክት መቀበያ ነው። ብዙ ኢምቤድድ ቦርዶች ግን በዚህ ፒን 5 ወይም 12 ቮልት እንድታወጡ የሚያስችል ጃምፐር አላቸው። ባርኮድ ስካነርን የመሰለ ዕቃ ያለ ተጨማሪ አዳፕተር እንዲሠራ ነው። ዕቃችሁ ይህን ካልጠየቀ ፒኑን በመደበኛው ተዉት። 12 ቮልት ላይ የተረሳ ፖርት ነገ ሌላ ሰው ተራ ኬብል ሲሰካበት ዕዳ ነው።

የጃምፐሩን አቀማመጥ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በመልቲሜትር ይቻላል። ባለ 3 ፒን ቮልቴጅ መራጭ ላይ ብዙውን ጊዜ መካከለኛው ፒን ወደ ዕቃው የሚሄደው ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ሁለቱ ቮልቴጆች ናቸው። ዕቃውን ሳትሰኩ፣ ቆቡን አውጥታችሁ ፓወር ስጡና ሁለቱን ጫፎች ከግራውንድ (የ0 ቮልት መነሻው) አንጻር ለኩ። የትኛው 3.3፣ የትኛው 5 እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የመልቲሜትሩ ጫፍ ተንሸራትቶ ሁለት ፒን እንዳያገናኝ ተጠንቀቁ። ከለካችሁ በኋላ ፓወሩን ንቀሉ፤ ቆቡን መልሱ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በራሱ በፓነል ኮኔክተሩ ላይ ብትለኩ 0 ቮልት ልታገኙ ትችላላችሁ። ብዙ ቦርዶች የፓነሉን ኃይል የሚለቁት ባዮስ (ቦርዱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ፓነሉ ሲፈቀድ ነው። 0 ማለት ጃምፐሩ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፦ የሲሞስና የአነሳስ ጃምፐሮች

የሲሞስ (የባዮስ ምርጫዎች የሚቀመጡበት) ማጽጃው ባዮስ ላይ ያስቀመጣችሁትን ይሰርዛል። በብዛት ባለ 3 ፒን ነው፤ 1 እና 2 መደበኛ፣ 2 እና 3 ማጽጃ። ማጽዳት ስትፈልጉ ፓወሩን ንቀሉ፣ ቆቡን አዛውሩ፣ ማኑዋሉ ያለውን ያህል ሰከንድ ጠብቁ፣ መልሱት። ቆቡ ማጽጃው ላይ እንዳለ ፓወር አትስጡ። አንዳንድ ቦርድ ጨርሶ አይነሳም፤ አንዳንዱም ሊጎዳ ይችላል። አጠገቡ ያለችው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 ናት፤ አዲስ ከሆነች ከ3 ቮልት በትንሹ ከፍ ትላለች። ወደ 2.7 ከወረደች ቀይሯት፤ አለበለዚያ ሰዓቱ እየጠፋባችሁ ጃምፐሩን ትጠረጥራላችሁ።

የአነሳስ ጃምፐሩ ኤቲ ወይም ኤቲኤክስ ይላል። ኤቲ ላይ ቦርዱ ፓወር እንዳገኘ ይነሳል። ኤቲኤክስ ላይ ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል። ቁልፍ የሌለው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ኤቲ ላይ አድርጉት። «ቦርዱ ሞቷል» ተብሎ ከሚላክልኝ ውስጥ ብዙው ኤቲኤክስ ላይ ሆኖ ቁልፍ ያልተገናኘለት ነው። ለመፈተን የፓወር ቁልፉን ሁለት ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለቅጽበት ብቻ ንኳቸው። ሁለቱ ፒኖች የትኞቹ እንደሆኑ ግን በማኑዋሉ አረጋግጡ፤ ጎረቤታቸው 5 ቮልት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ ሲሪያል ፖርቱ

ጥያቄው በብዛት የሚመጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

ሀ) ዓይነቱን ምረጡ። ፖርቱ አርኤስ-232፣ አርኤስ-422 ወይም አርኤስ-485 ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም የሲሪያል ግንኙነት ዓይነቶች ናቸው። የሚመረጠው በአንድ ጃምፐር ሳይሆን አብረው በሚንቀሳቀሱ ጥቂት ጃምፐሮች ነው። ሁለቱን አዛውሮ ሦስተኛውን መርሳት ፖርቱን ዲዳ ያደርገዋል። አዳዲስ ቦርዶች ላይ ምርጫው ባዮስ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ላይ ሁለቱም ቦታ አለ፤ ጃምፐሩና ባዮሱ ካልተስማሙ አይሠራም።

ለ) የኬብሉን ዓይነት አረጋግጡ። ባለ 10 ፒን ሄደርን ወደ ዲቢ9 የሚያወጣው ኬብል ሁለት ዓይነት አለው፤ በዓይን ግን አይለዩም። በአንደኛው ሄደሩ ላይ ፒን 2 የሆነው ዲቢ9 ላይ ፒን 6 ይሆናል፣ ፒን 3 ደግሞ ፒን 2። በሌላኛው ቁጥር ለቁጥር ይሄዳል። የተሳሳተውን ብትሰኩ ቅርጹ ይገጥማል፤ መረጃ ግን አያልፍም።

መለያው ቀላል ነው። ዲቢ9 ላይ ፒን 5 ሁልጊዜ ግራውንድ ነው። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ እዚያ ላይ አድርጉና በሌላው የኬብሉን የሄደር ጫፍ ፈትሹ። ፒን 9 ላይ ቢፕ ካለ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ፒን 5 ላይ ካለ ሁለተኛው። ከዚያ ፓወር በሌለበት ቦርዱን ፈትሹ፦ ከሄደሩ ፒን 5 እና 9 የትኛው ነው ከፓወር ኮኔክተሩ ግራውንድ ጋር ቢፕ የሚለው? ኬብሉና ቦርዱ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አለባቸው።

ሐ) አርኤስ-485 ከሆነ መጨረሻውን አስቡ። መስመሩ በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ 120 ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። ያለዚያ ምልክቱ ከጫፍ እየነጠረ ይመለሳል፤ በአጭር ገመድ ሠርቶ በረጅሙ ይበላሻል። ብዙ ቦርዶች ይህን ሬዚስተር የሚያስገባ ጃምፐር አላቸው። ቦርዱ መስመሩ መሀል ላይ ከሆነ ጃምፐሩን አውጡት። ለማረጋገጥ ሁሉንም አጥፍታችሁ በሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች መካከል ኦም ለኩ። ወደ 60 ካነበበ ልክ ነው፤ ሁለት 120 ጎን ለጎን ሲሆኑ 60 ይሰጣሉ። ወደ 120 ካነበበ አንዱ ጎድሏል። ወደ 40 ከወረደ ሦስተኛ ሬዚስተር የሆነ ቦታ ገብቷል።

«ኤ» እና «ቢ» የሚሉትን ስያሜዎች አምራቾች ገልብጠው ይጠቀሙባቸዋል። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ዝም ካለ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሯቸው። ጉዳት የለውም።

መ) የቺፕ ደረጃ ሲሪያልን ከአርኤስ-232 ጋር አታምታቱ። ቦርዱ ላይ ለመከታተያ የሚሆን ባለ 3 ወይም ባለ 4 ፒን ትንሽ ሄደር ካለ ቮልቴጁ ብዙውን ጊዜ 3.3 ነው፤ 1.8 የሆነም አለ። አርኤስ-232 ግን ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ የሚወዛወዝ ሲሆን እስከ 15 ቮልት ሊደርስ ይችላል። በቀጥታ ብታገናኟቸው ቺፑ ይሄዳል። ከቮልቴጁ ጋር የሚስማማ የዩኤስቢ አዳፕተር ተጠቀሙ። ግራውንድን ከግራውንድ፣ መላኪያውን ከመቀበያው፣ መቀበያውን ከመላኪያው አገናኙ። የአዳፕተሩን የፓወር ሽቦ ተዉት፤ ቦርዱ የራሱ ኃይል አለው። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ 115200 ነው፤ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ማቆሚያ።

ደረጃ 7፦ የቀሩት ኮኔክተሮች

ዩኤስቢ ሄደር። የዴስክቶፕ ኬብል ካላችሁ ቀጥታ አትሰኩት። ኢምቤድድ ቦርድ ላይ የፒኑ ርቀት 2.00 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፤ ቅደም ተከተሉም ሊለይ ይችላል። በተለመደው የሽቦ ቀለም ቀይ 5 ቮልት፣ ነጭና አረንጓዴ መረጃ፣ ጥቁር ግራውንድ ነው። ግን ቀለሙን አትመኑ፤ ቀዩ የሚያርፍበት ፒን በእርግጥ 5 ቮልት መሆኑን በመልቲሜትር ለኩ። ተገልብጦ የተሰካ ዩኤስቢ ፍላሹንም ፖርቱንም ይበላል።

የፊት ፓነል። የመብራቶቹ ሽቦ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አለው፤ ቢገለበጥ አይበራም። የቁልፎቹ ሽቦ አቅጣጫ የለውም።

ፋን። 12 ነው ወይስ 5 ቮልት? ስቲከሩን አንብቡ። በቃ።

ሚኒ ካርድ ማስገቢያ። ያው ሶኬት በጃምፐር ወይም በባዮስ ለኔትወርክ ካርድ ወይም ለዲስክ ሊመረጥ ይችላል። ዲስኩ ካልታየ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ደረጃ 8፦ የፓወር መግቢያ

ቦርዱ የሚቀበለውን ክልል አንብቡ። አንዳንዱ 12 ቮልት ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ከ9 እስከ 36 ይቀበላል። ሁለቱም ያው ክብ ሶኬት ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ «ገብቷል» ማለት «ይሆናል» ማለት አይደለም። አዳፕተሩን ለብቻው ሰክታችሁ ቮልቴጁንና አቅጣጫውን ለኩ፤ መሀሉ ፖዘቲቭ መሆን አለመሆኑን ከማኑዋሉ ጋር አስተያዩ። ባለ 4 ፒን አራት ማዕዘን ኮኔክተር ከሆነ ሁለቱ ቢጫ 12 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁር ግራውንድ ናቸው።

አምፔሩንም አስቡ። ቦርዱ ሲነሳ፣ ዲስክና ዩኤስቢ ዕቃዎች አብረው ሲጀምሩ የሚወስደው ኃይል በእረፍት ከሚወስደው ይበልጣል። አዳፕተሩ ለጥቂት ከሆነ ቦርዱ ተነስቶ ይወድቃል፤ እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ይወድቃል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ፓወር

1. ፓወር ሳትሰጡ በመግቢያው ፖዘቲቭና ግራውንድ መካከል ቢፕ ሞክሩ። ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ለአፍታ ቢፕ ብሎ ቢያቆም ምንም አይደለም። ካላቆመ ሾርት (መገናኘት የሌለባቸው ሁለቱ ተገናኝተዋል) አለ፤ ፓወር አትስጡ።
2. ሜሞሪ፣ ኪቦርድና ተራ ሞኒተር ብቻ ሰኩ። ፓነሉን፣ ሲሪያል ዕቃዎቹንና ሌላውን ሁሉ አቆዩት። ምክንያቱም አሁን አንድ ነገር ቢበላሽ ተጠርጣሪው ጥቂት ነው።
3. ገደብ ያለው ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ አምፔሩን ማኑዋሉ ከሚለው ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ሲበራ ገደቡ ላይ ዘሎ ከተጣበቀ ወዲያው አጥፉ።
4. ቦርዱ ከተነሳ ባዮስ ውስጥ ግቡ። ሰዓቱን፣ የፓነሉን ጥራትና የቢት ቁጥር (18 ወይም 24)፣ የሲሪያሉን ዓይነት አስተካክሉ። የፓነሉ ቢት ቢሳሳት ቀለሙ የተበላሸ ሥዕል ይመጣል፤ ዕቃ ግን አይቃጠልም።
5. አጥፉ። ፓነሉን ሰኩ። አብሩ። አጥፉ። የሚቀጥለውን ሰኩ። አንድ በአንድ።
6. አርኤስ-232 ፖርቱን ያለ ዕቃ ፈትኑት፦ ዲቢ9 ላይ ፒን 2 እና 3ን አገናኙና በተርሚናል ፕሮግራም ጻፉ። ፍሎው ኮንትሮሉን (ላኪና ተቀባይ ተራ የሚጠባበቁበትን ምርጫ) አስቀድማችሁ አጥፉት። የጻፋችሁት ተመልሶ ከታየ ፖርቱና ኬብሉ ደህና ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ዕቃውን ጠርጥሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

«ጃምፐሩን ቀየርኩ፤ ምንም አልተለወጠም።» ብዙ ቦርዶች ጃምፐሩን የሚያነቡት ሲነሱ ብቻ ነው። ፓወሩን ነቅላችሁ እንደገና ስጡ፤ ሪስታርት አይበቃም።

ቆቡን አንድ ፒን ላይ ብቻ ማንጠልጠል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ትርፍ ቆብ እንዳይጠፋ ማስቀመጫ ነው። ቆቡን እንዲህ ሆኖ ያገኘ ሰው «ተሳስቷል» ብሎ ሲያገናኘው ነው ችግር የሚፈጠረው። ምንም ያልተገናኘ ጃምፐርም አንድ ምርጫ ነው።

ከአንድ በላይ ነገር በአንዴ መቀየር። ሦስት ጃምፐር ቀይራችሁ ቢሠራ የቱ እንደሠራ አታውቁም፤ ባይሠራ ደግሞ የቱ እንዳበላሸ አታውቁም።

ኬብልን ሽቦውን ይዞ መሳብ። ኮኔክተሩን ራሱን ያዙ፤ መቆለፊያ ጥርስ ካለው መጀመሪያ ተጫኑት። የኤልቪዲኤስ ኬብል ቀጭን ሽቦዎች በዚህ ይበጠሳሉ፤ ከዚያ ሥዕሉ ላይ መስመር ይመጣና ጃምፐር ሲፈለግ ይዋላል።

የ2.54 ቆብን የ2.00 ፒን ላይ ማድረግ። ይገባል፤ ግን አይጨብጥም። ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ውስጥ ሲገባ ይላቀቃል። ትክክለኛው ቆብ ሲገባ ትንሽ ይታገላል፤ ቦርዱን ገልብጣችሁ ቀስ ብትነቀንቁትም አይወድቅም። ሳጥኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ሁሉንም በወረንጦ ነካ ነካ አድርጓቸው፣ የመጨረሻውን አቀማመጥ ፎቶ አንሱ፣ የመረጣችሁትን የፓነል ቮልቴጅና የሲሪያል ዓይነት በወረቀት ቴፕ ላይ ጽፋችሁ የሳጥኑ ክዳን ውስጠኛው ገጽ ላይ ለጥፉት።